ፕሮፌሰር ቪልሄልም ሮንትገን እና የደረት ራጅ፦ የሳንባ ነቀርሳን ጉዳትና ፈውስ በምስል መለካት

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በሰቃ ጨቆርሳና በሰርቦ፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለው ሰው ወደ ጤና ተቋም ሲሄድ በቅድሚያ አክታ እንዲሰጥ ይጠየቃል። ሐኪሙ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ደግሞ የደረት ራጅ እንዲነሳ ያዝዝለታል። ታካሚው ልብሱን አውልቆ፣ ደረቱን ከሰሌዳው አስጠግቶ፣ ለአፍታ ትንፋሹን ይዞ ይቆማል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሳንባው ምስል ለሐኪሙ ይቀርባል። ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ ሁለተኛ ምስል ሲነሳ ደግሞ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው በሽታው መቀነሱ ወይም መባባሱ ይታያል።

ይህን አገልግሎት ያስቻለውን ጨረር ያገኙት ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ፕሮፌሰር ቪልሄልም ኮንራድ ሮንትገን ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሕይወት ታሪካቸውን፣ ግኝታቸው ከሀገራችን ታሪክ ጋር የተገናኘበትን አጋጣሚ፣ እንዲሁም የደረት ራጅ በሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ምን እንደሚያሳይና ምን እንደማያሳይ ለተገልጋዮች ያቀርባል።

ልደትና የትምህርት ዘመን

ሮንትገን እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1845 በጀርመን ሌኔፕ በምትባል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የጨርቅ ነጋዴ ሲሆኑ እናታቸው የኔዘርላንድስ ተወላጅ ነበሩ። ሕፃኑ ሦስት ዓመት ሲሞላው ቤተሰቡ ወደ ኔዘርላንድስ ሄዶ አፔልዶርን በተባለች ከተማ ኖረ።

በወጣትነታቸው ዩትሬክት ከተማ በሚገኝ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ይማሩ በነበረበት ጊዜ አንድ ተማሪ የመምህሩን ምስል ለማላገጫ ሣለ። ድርጊቱን የፈጸሙት ሮንትገን አልነበሩም፤ ነገር ግን የጓደኛቸውን ስም አሳልፈው ለመስጠት ፈቃደኛ ባለመሆናቸው ከትምህርት ቤቱ ተባረሩ። በዚህም ምክንያት ወደ ዩኒቨርሲቲ በመደበኛነት የሚያስገባውን የምስክር ወረቀት ሳያገኙ ቀሩ።

ይሁንና በስዊዘርላንድ የሚገኘው የዙሪክ ፖሊቴክኒክ በመግቢያ ፈተና ተማሪዎችን እንደሚቀበል ሰሙ። እ.ኤ.አ. በ1865 ገብተው የመካኒካል ምህንድስና ትምህርት ተከታተሉ፤ በ1869 ደግሞ ከዙሪክ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ከዚያም ኦገስት ኩንት የተባሉ የፊዚክስ መምህር ረዳት ሆነው ወደ ጀርመኗ ቩርትስቡርግ ሄዱ። የቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ግን ያ የሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀት የላቸውም በማለት የመምህርነት ማዕረግ ከለከላቸው። ሮንትገን መምህራቸውን ተከትለው ወደ ስትራስቡርግ ሄዱና እ.ኤ.አ. በ1874 በዚያ የማስተማር ፈቃድ አገኙ። በጊሰን ዩኒቨርሲቲም ለዓመታት አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1888 ያው ማዕረግ የነሣቸው የቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተቋሙን እንዲመሩ ጠራቸው፤ ከስድስት ዓመት በኋላም የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ አድርጎ መረጣቸው።

ከባለቤታቸው ከወይዘሮ አና ቤርታ ሉድቪግ ጋር የተጋቡት እ.ኤ.አ. በ1872 ነው። ልጅ አልወለዱም፤ የወይዘሮ ቤርታን የወንድም ልጅ ግን በስድስት ዓመቷ ተቀብለው እንደ ልጃቸው አሳድገዋል።

የሰባት ሳምንታት ሥራ

እ.ኤ.አ. ኅዳር 8 ቀን 1895 ዓርብ ምሽት፣ ፕሮፌሰር ሮንትገን በቤተ ሙከራቸው አየር በወጣለት የመስታወት ቱቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያሳልፉ ነበር። ቱቦው በጥቁር ካርቶን ተሸፍኗል፤ ክፍሉም ጨለማ ነው። ሆኖም ከቱቦው ራቅ ብሎ የተቀመጠ፣ ልዩ ኬሚካል የተቀባ ሰሌዳ ብርሃን ሲሰጥ ተመለከቱ። ከተሸፈነው ቱቦ ብርሃን ሊወጣ ስለማይችል ካርቶኑን አልፎ የሚሄድ ሌላ ያልታወቀ ጨረር መኖሩን ተረዱ።

ያዩትን ወዲያውኑ አላወጁም። ለሰባት ሳምንታት ያህል እዚያው ቤተ ሙከራ እየበሉና እያደሩ ጨረሩን በወረቀት፣ በእንጨት፣ በመጽሐፍ፣ በአሉሚኒየምና በእርሳስ ደጋግመው ፈተኑት። ወፍራም መጽሐፍን አልፎ እንደሚሄድ፣ እርሳስ ግን እንደሚያግደው አረጋገጡ። እጃቸውን በጨረሩ መንገድ ላይ ሲያደርጉም የአጥንታቸውን ጥላ አዩ። ምንነቱ ስላልታወቀ ጨረሩን በሒሳብ ያልታወቀ መጠን በሚወከልበት ፊደል ኤክስ ብለው ሰየሙት።

ታኅሣሥ 22 ቀን ወይዘሮ ቤርታ ወደ ቤተ ሙከራው ገብተው እጃቸውን በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ ለ15 ደቂቃ ያህል አሳረፉ። በሰሌዳው ላይ የጣቶቻቸው አጥንቶችና የጋብቻ ቀለበታቸው ታየ። ምስሉ ባለቤታቸውን የሞት ጥላ ያዩ ያህል እንዳስደነገጣቸው ይነገራል። ሮንትገን የመጀመሪያ ጽሑፋቸውን ለቩርትስቡርግ የሳይንስ ማኅበር ያስረከቡት ከስድስት ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 1895 ነው። አዲሱ ዓመት እንደገባ ወሬው በጋዜጦች አማካይነት በጥቂት ቀናት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ።

ከዓድዋ ጦርነት ጋር ያለው ግንኙነት

የሮንትገን ግኝት ይፋ በሆነ በሁለት ወር ገደማ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ጦርነት ተካሄደ። በውጊያው የቆሰሉ የጣሊያን ወታደሮች ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ፣ በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል ሌተናል ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ የተባሉ ሐኪም አዲሱን ጨረር ተጠቀሙ። እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1896 ከኢትዮጵያ ዘመቻ በተመለሱ ሁለት ወታደሮች ክንድ ውስጥ የቀሩ ጥይቶችን ያሉበትን ቦታ በምስል አወቁ። ይህ ጨረሩ ለጦር ቁስለኞች ሕክምና የዋለበት የመጀመሪያ አጋጣሚ ሆኖ በሕክምና ታሪክ ተመዝግቧል።

በአማርኛ የምንጠቀምበት ራጅ የሚለው ቃልም ጨረር የሚል ትርጉም ካለው የጣሊያንኛ ቃል የመጣ ነው። ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሆነው ሆስፒታል በ1930 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ዘመን ለወራሪው ጦር ወታደሮች አገልግሎት ተቋቁሞ የነበረ ሲሆን፣ ከነጻነት በኋላ የሕዝብ ሆስፒታል ሆኗል። ለወራሪ የተሠራው ቤት ዛሬ ለጅማና ለአካባቢው ገበሬ፣ ነጋዴና የቡና ሠራተኛ የሚያገለግል ነው።

ለሁሉም የተሰጠ ግኝት

ፕሮፌሰር ሮንትገን በግኝታቸው የፈጠራ ባለቤትነት መብት አላስመዘገቡም። ጨረሩ የሰው ልጅ ሁሉ ሀብት መሆን አለበት የሚል እምነት ስለነበራቸው ማንም ሐኪም፣ ማንም መሣሪያ ሠሪ ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ተዉት። ባልደረቦቻቸው ጨረሩን በስማቸው ሲጠሩ እርሳቸው ኤክስ ማለቱን ቀጠሉ። የቀረበላቸውን የመኳንንት ማዕረግም አልተቀበሉም።

እ.ኤ.አ. በ1901 የኖቤል ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የፊዚክሱን ሽልማት ያገኙት እርሳቸው ናቸው። የሽልማቱን ገንዘብ ለቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ አበረከቱ። ከ1900 ጀምሮ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 1920 ድረስ በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል። ይኸው ዩኒቨርሲቲ በዘመናችን ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ጋር በጤና ትምህርትና በምርምር የሚተባበር ሲሆን፣ የሳንባ ነቀርሳ ጥናትም ከትብብሩ ዘርፎች አንዱ ነው።

ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1919 ከረጅም ሕመም በኋላ ዐረፉ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን የደረሰው የዋጋ ንረት ያጠራቀሙትን ገንዘብ ዋጋ አሳጣው። ፕሮፌሰሩም እ.ኤ.አ. የካቲት 10 ቀን 1923 በ77 ዓመታቸው በአንጀት ካንሰር ሙኒክ ውስጥ አረፉ፤ በጊሰንም ተቀበሩ።

ራጅና የሳንባ ነቀርሳ

ሮንትገን ራሳቸው ሐኪም አልነበሩም። ግኝታቸውን ወደ ሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ያሸጋገሩት ሌሎች ናቸው። ከእርሳቸው በፊት ሐኪም ደረትን በጣቱ እየመታ ድምፁን ያዳምጥ፣ ወይም እ.ኤ.አ. በ1816 ፈረንሳዊው ሬኔ ሌኔክ የፈለሰፉትን የደረት ማዳመጫ ይጠቀም ነበር። ሌኔክም በዚሁ በሽታ ሞተዋል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 24 ቀን 1882 ሮበርት ኮኽ በሽታውን የሚያስከትለውን ባክቴሪያ አሳወቁ፤ ዕለቱም በየዓመቱ መጋቢት 15 ቀን የዓለም የቲቢ ቀን ሆኖ ይታሰባል። በዚህም የበሽታው መንሥኤ ታወቀ፤ በሕያው ሰው ሳንባ ላይ ያደረሰውን ጉዳት ማየት ግን ገና አልተቻለም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1896 በአሜሪካ ቦስተን ፍራንሲስ ዊሊያምስ የተባሉ ሐኪም የሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎችን በጨረሩ መመርመር ጀመሩ። የታመመው የሳንባ ክፍል በጤነኛው አንጻር ጨረር እንደሚያስቀር፣ ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ እንቅስቃሴም በታመመው ጎን እንደሚቀንስ አስተዋሉ። እ.ኤ.አ. በ1936 ደግሞ ብራዚላዊው ማኑኤል ደ አብሬው በአነስተኛ ወጪ ብዙ ሰው በአጭር ጊዜ ደረቱን እንዲነሳ የሚያስችል ዘዴ አበጁ።

ምስል የሕክምናን ውጤት ለመለካት ያለው ጥቅም ይበልጥ ጎልቶ የታየው እ.ኤ.አ. በ1948 ውጤቱ በታተመው የእንግሊዝ ጥናት ነው። ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት በ107 ታማሚዎች ላይ ሲፈተን፣ 55ቱ መድኃኒቱን ከአልጋ ዕረፍት ጋር ሲያገኙ 52ቱ የአልጋ ዕረፍት ብቻ አገኙ። የደረት ምስሎቹን ያነበቡት ባለሙያዎች የትኛው ታማሚ መድኃኒት እንደወሰደ አያውቁም ነበር። ከስድስት ወር በኋላ መድኃኒቱን ከወሰዱት 28ቱ በምስል ከፍተኛ መሻሻል ሲያሳዩ፣ ካልወሰዱት ግን 4 ብቻ ነበሩ።

ይሁን እንጂ የጥናቱ ቀጣይ ታሪክ አሳዛኝ ነበር። ባክቴሪያው አንዱን መድኃኒት ብቻውን ስለተላመደው፣ ምስላቸው ጠርቶ ከነበሩት መካከል ብዙዎች እንደገና ታመሙ፤ ከዓመታት በኋላ የሞቱትም ጥቂት አልነበሩም። ከዚህ የተገኘው ትምህርት እስከ ዛሬ ይሠራል፤ የሳንባ ነቀርሳ በአንድ መድኃኒት አይታከምም፤ የምስል መጥራትም ብቻውን የመዳን ማረጋገጫ አይሆንም።

የጉዳት መጠን እንዴት ይለካል

በራጅ ምስል ላይ አየር የሞላው ጤነኛ ሳንባ ጥቁር ሆኖ ይታያል። በሽታው የያዘው ክፍል ነጣ ያለ ጥላ ያሳያል። በሽታው ሥጋውን በልቶ ክፍተት ሲፈጥር ደግሞ ነጭ ጠርዝ ያለው ጥቁር ቀዳዳ ይታያል። ክፍተቱ ትልቅ ትርጉም አለው። በውስጡ እጅግ ብዙ ባክቴሪያ ስለሚገኝ፣ ክፍተት ያለበት ታማሚ በሽታውን ወደ ሌሎች የማስተላለፍ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ አክታው ከባክቴሪያ ለመጥራትም የበለጠ ጊዜ ሊወስድ ይችላል።

ባለሙያዎች ይህን ጉዳት በቁጥር ለመግለጽ ልዩ ልዩ ዘዴዎችን አዘጋጅተዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ የሆነውና በኢንዶኔዥያ ፓፑዋ በምትገኘው በቲሚካ ከተማ ስም የሚጠራው መለኪያ ከእነዚህ አንዱ ነው። አንባቢው ከጠቅላላው ሳንባ ስንት በመቶው እንደተጎዳ ይገምታል፤ ክፍተት ካለ 40 ይጨምርበታል። ለምሳሌ 30 በመቶው የተጎዳና ክፍተት ያለው ሳንባ 70 ያገኛል። ከሁለት ወር ሕክምና በኋላ ጉዳቱ ወደ 15 በመቶ ወርዶ ክፍተቱ ከተዘጋ ቁጥሩ 15 ይሆናል። ስሌቱ ቀላል በመሆኑ ውድ መሣሪያ በሌለበት ሆስፒታልም ሊሠራበት ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የደረት ራጅን በኮምፒውተር አንብቦ የሚያመለክት ቴክኖሎጂ ለልየታ እንዲውል መክሯል። የራጅ አንባቢ ባለሙያ በማይገኝባቸው አካባቢዎች ይህ ቴክኖሎጂ የትኛው ሰው የአክታ ምርመራ እንደሚያስፈልገው ለመለየት ያግዛል። በሀገራችንም በ2003 ዓ.ም. ገደማ በተካሄደው የመጀመሪያው ብሔራዊ የቲቢ ሥርጭት ጥናት ከ46 ሺህ በላይ ሰዎች ሲሳተፉ የደረት ራጅ ከምልክት ጥያቄዎች ጋር አብሮ ጥቅም ላይ ውሏል። በዚህም በምልክት ጥያቄ ብቻ ሊታለፉ ይችሉ የነበሩ ታማሚዎች ሊገኙ ችለዋል።

ምስሉ የማይነግረን

ሮንትገን አንድ ጊዜ ባዩት ሳይወሰኑ ሰባት ሳምንት እንደፈተኑ ሁሉ፣ የደረት ራጅ ውጤትም ብቻውን አይወሰድም። በምስሉ ላይ ያለ ነጭ ጥላ የሳንባ ምች፣ ካንሰር ወይም ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ውስጥ ባለ ሰዎች ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ እያለም ምስሉ ጤነኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። ባክቴሪያው መኖሩንና መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑን የሚያረጋግጠው የአክታ ምርመራ ነው።

በሕክምና ጊዜም ሁለት የተሳሳቱ ግንዛቤዎች ያጋጥማሉ። የመጀመሪያው ምስሉ ተሻሽሏል፣ ሳሉም ቆሟል በማለት መድኃኒት ማቋረጥ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሕክምናው ተጠናቆ ሳለ በምስሉ ላይ ጥላ ቀርቷል በማለት አልዳንኩም ብሎ ተስፋ መቁረጥ ነው። የተፈወሰ ቁስል ቆዳ ላይ ጠባሳ እንደሚተው ሁሉ፣ ከሳንባ ነቀርሳ የዳነ ሳንባም ጠባሳ ሊኖረው ይችላል። ጠባሳው አሮጌ መሆኑን ከአዲስ በሽታ ለመለየት የሚረዳው ደግሞ የቀድሞው ምስል ነው።

በቡና አካባቢዎች የመጀመሪያው ስሕተት የራሱ ወቅት አለው። በሐምሌ ወር ሕክምና የጀመረ ሰው በመስከረም ሳሉ ይቀንስለታል፤ ጉልበቱም ይመለስለታል። ወዲያው የቡና ለቀማ ይደርሳል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው የለቀማ ጊዜ የቀሩት የሕክምና ወራት መሆኑ ይዘነጋል። ለሥራ ወደ ሌላ ወረዳ የሄደ ሰው መድኃኒቱን ካቋረጠ በሽታው ያገረሽበታል፤ መድኃኒት የተላመደም ሊሆን ይችላል። በአንድ ማደሪያ አብረውት ለሚያድሩ ለቃሚዎችም ያስተላልፋል።

ለተገልጋዮች የቀረበ ማሳሰቢያ

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ያለበት ማንኛውም ሰው በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ይኖርበታል። ከሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ጋር በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎችም፣ በተለይም ሕፃናት፣ ሊመረመሩ ይገባል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ወደ ጤና ተቋም ለመላክ ያግዛሉ።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። መድኃኒት ያልተላመደ የሳንባ ነቀርሳ መደበኛ ሕክምና ስድስት ወር ይወስዳል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ዓይነት፣ በቀሪዎቹ አራት ወራት ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይወሰዳል። በሁለተኛው፣ በአምስተኛውና በስድስተኛው ወር መጨረሻ ለሚደረገው የአክታ ክትትል በቀጠሮ ቀን መገኘት ያስፈልጋል።

የደረት ራጅ የታዘዘለት ተገልጋይ የአገልግሎቱን አሰጣጥና አከፋፈል አስቀድሞ ከጤና ተቋሙ ይጠይቅ። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ልሆን እችላለሁ ብላ የምትገምት እናት ከመነሳቷ በፊት ለባለሙያው ማሳወቅ አለባት። በአንድ የደረት ራጅ የሚገኘው የጨረር መጠን አነስተኛ ሲሆን፣ ማንኛውም ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከተፈጥሮ ከሚያገኘው ጋር ይቀራረባል።

የተነሱትን ምስልና የንባብ ውጤቱን በሚገባ ያስቀምጡ፤ በቀጣይ ቀጠሮም ይዘው ይቅረቡ። ሐኪሙ መሻሻልን የሚለካው የዛሬውን ከቀድሞው ጋር በማነጻጸር ነው። ለቡና ለቀማም ሆነ ለሌላ ሥራ ከመኖሪያ አካባቢዎ የሚርቁ ከሆነ ከመሄድዎ በፊት ለሚታከሙበት ጤና ተቋም ያሳውቁ። የዝውውር ወረቀት ተቀብለው በሚሄዱበት አካባቢ ሕክምናዎን ያለማቋረጥ መቀጠል ይችላሉ።

ፕሮፌሰር ሮንትገን ያለ ዋጋ የሰጡት ጨረር በሽታን ያሳያል፤ አይፈውስም። ፈውሱ የሚገኘው ታካሚው መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ቀን ሲወስድ ነው።